ከጤፍ ያነሰች ቀለበት

ፊልጶስ፦ ሌዘር ማለት ቆዳ አይደለም አልኩህ፣ አያ ክንዱ።

ክንዱ፦ ይሄ የለበስከውስ?

ፊልጶስ፦ ይሄማ ሌዘር ጃኬት ነው።

ክንዱ፦ ከምን ተሠራ?

ፊልጶስ፦ ከቆዳ።

ክንዱ፦ እኔስ ሌላ ምን አልኩ?

ፊልጶስ፦ የልጁ ሌዘር ሌላ ነው። የልጁ ሌዘር ብርሃን ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ የማይበተን፣ ጨዋ ብርሃን።

ክንዱ፦ ከጤፍ ያነሰች ሌዘር ሠርቻለሁ ያለው እሷን ነው?

ፊልጶስ፦ እሷን ነው።

ክንዱ፦ ቁንጫ ካልለበሰቻት ማን ይለብሳታል?

ይህ ክርክር የተነሣው ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በምትወጣ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ፊልጶስ ፒያሳ ላይ ለብዙ ዘመን ፎቶ ቤት ነበረው። ካሜራ ይዞ ያረጀ ሰው ስለ ብርሃን የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም፤ ፊልጶስ ደግሞ ስለ ሌላውም ነገር እንደዚያው ነበር። ክንዱ የወገራ ገበሬ ነው። ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ አንዴ ከገባው ግን በዶማም አይወጣለትም። ሁለቱን ያገናኛቸው ካሣዬ የሚባል ልጅ ነው። ለፊልጶስ የእህቱ ልጅ፣ ለክንዱ የክርስትና ልጁ።

ካሣዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብርሃንን ጥፍር በምታክል መስታወት መሰል ስባሪ ላይ የሚያስኬድ ምሁር ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦ እንደሚሄድ፣ እሱ ብርሃንን ከጸጉር በቀጠነ ቦይ ያስኬደዋል፣ ይገነጥለዋል፣ ያዞረዋል። ሥራው ይኸው ነው። ጭንቁ ያለው ሥራውን ለአማት ማስረዳቱ ላይ ነበር።

ካሣዬና እስከዳር ከተዋደዱ ቆይተዋል። የቀረው የአባቷ የአያ ሰውአገኝ ቃል ሲሆን፣ አያ ሰውአገኝ ደግሞ ሥራውን ለማያውቀው ሰው ልጁን የሚሰጥ ሰው አይደለም። ፊልጶስ ሁለት ጊዜ ለሽምግልና ሄዶ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ አበላሽቶ ተመለሰ። መጀመሪያ «ልጁ ሌዘር ይሠራል» አለ፤ አያ ሰውአገኝ ልጄ የቆዳ ሽታ አለመደችም ብሎ ሸኘው። ቀጥሎ «በብርሃን ይሠራል» አለ፤ አያ ሰውአገኝ እጁን ይዞ ወደ ደጅ አወጣውና ሽቦ ያልተዘረጋለትን ምሰሶ እያሳየ እንግዲያው ይህን ያብራልኝ አለው። በመጨረሻ ቁርጡን ተናገረ፦ ሥራውን በዓይኔ ካየሁ ቀለበቱን በዚያው ቀን ከሽማግሌ እጅ ተቀብዬ ለልጄ አስራለሁ፤ ካላየሁ ግን አራተኛ ደጄን እንዳትረግጡ። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ካሣዬ አጎቱን ማስቀረት ስላልቻለ ክንዱን ጨመረበት።

ፊልጶስ፦ ዛሬ ተናጋሪው እኔ ነኝ። አንተ ካልጠየቅኩህ አትናገር።

ክንዱ፦ ያለፉት ሁለት ጊዜስ ተናጋሪው ማን ነበር?

ፊልጶስ፦ እኔ።

ክንዱ፦ ሸጋ።

ፊልጶስ፦ ሰውየው ቢጠይቅህ አንገትህን ብቻ ነቅንቅ። ጠዋት ልጁ ሲያስረዳን ምን እንደ ገባህ እስኪ ንገረኝ፤ ከየት ልጀምርልህ እንዳውቅ።

ክንዱ፦ የብርሃን ዑደት እሠራለሁ አለ።

ፊልጶስ፦ ጎሽ። ዑደት ማለት ምን እንደሆነ ግን አታውቅም።

ክንዱ፦ ምነው አላውቅ? ታቦት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር ነዋ።

ፊልጶስ፦ ይሄ የሳይንስ ዑደት ነው፣ አያ ክንዱ።

ክንዱ፦ ካህናቱ እነማን ናቸው?

ፊልጶስ፦ ካህን የለውም።

ክንዱ፦ እንግዲያ ማን እያዜመ ይዞራል?

ፊልጶስ፦ ዜማ የለውም። ብርሃን ብቻ ነው የሚዞረው።

ክንዱ፦ ልጁ ግን ቀለበት አለው ብሎኛል። ብርሃኗ ቀለበቷን ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ የተስማማቻት ትገባለች፣ ያልተስማማቻት መንገዷን ታልፋለች።

ፊልጶስ፦ (ከጎኑ የተቀመጡት እስኪዞሩ ስቆ) ያ የዛሬው ቀለበት ነው። የእስከዳር ቀለበት። ስለ ሥራው የነገረህንና ስለ ቀለበቱ የነገረህን አንድ ላይ አቡክተህ ጋገርከው።

ክንዱ፦ ኧረ ስለ ሥራው ነው ያለኝ።

ፊልጶስ፦ ቀለበት ጣት ነው የሚገባበት፤ ብርሃን አይገባበትም። (የጃኬቱን ደረት ኪስ መታ መታ አድርጎ) ቀለበቱ ይኸው እዚህ ነው። ልጁ ሳጥኗን በእጄ ሲያስይዘኝ «ጋሼ፣ ቀለበቶቹ እዚህ ውስጥ ናቸው፤ እንዳይወድቁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ክንዱ፦ ከዚያስ በኋላ ያለውን?

ፊልጶስ፦ ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ የተናገርኩት።

ክንዱ፦ አንድ ነገር ልበልህ?

ፊልጶስ፦ ጠየቅኩህ?

ክንዱ፦ አልጠየቅኸኝም።

ፊልጶስ፦ እንግዲያ ዝም።

ክንዱ ጋቢውን ወደ ደረቱ ሰብሰብ አድርጎ የአንደኛውን ጫፍ ቋጠሮ በመዳፉ ጨበጠና እስከ አምባ ጊዮርጊስ ውጭ ውጭውን አየ። ፊልጶስ ግን ጸጥታ የሚችል ሰው ስላልነበረ፣ ለፊት ወንበር ተሳፋሪዎች ጭምር ብርሃን በፊልም ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለምን ቀይ አምፖል እንደሚሰቀል፣ ሳይንቲስቶች የሚባሉትም በመጨረሻ የፎቶ አንሺ ልጆች መሆናቸውን ሲያስረዳ ደረሱ።

ከመናኸሪያው ወርደው ከአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ አረፍ አሉ። የአያ ሰውአገኝ ቤት ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ፊልጶስ ቀለበቱን በመሐረብ ወልውሎ በወግ ለማስረከብ አሰበና ሳጥኗን አውጥቶ ከፈተ።

ፊልጶስ፦ (ፊቱ አመድ መስሎ) ቀለበቱ የለም።

ክንዱ፦ አለ።

ፊልጶስ፦ የታለ?

ክንዱ፦ ሳጥኗ ውስጥ።

ፊልጶስ፦ ሳጥኗ ውስጥ ስባሪ ጠርሙስ ነው ያለው።

ክንዱ፦ እሱ ነው።

ፊልጶስ፦ ምኑ ነው እሱ?

ክንዱ፦ ቀለበቱ ያለበት። በዓይን አይታይም።

ፊልጶስ፦ በዓይን የማይታይ ቀለበት?

ክንዱ፦ ከጤፍ ያንሳል ብሎናል እኮ።

ፊልጶስ፦ አያ ክንዱ፣ ከጤፍ ያነሰ ቀለበት ለማን ጣት ይሆናል?

ክንዱ፦ ሌዘሩን ለለበሰችው። እኔ ከጎንደር ጀምሮ ቁንጫ ናት እያልኩህ ነው።

ፊልጶስ፦ (ስባሪዋን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ፀሐይ እያሳየ) ምንም የለም። ባዶ ናት።

ክንዱ፦ በጣት አይነካም ብሏል። ስልሳ ናቸው።

ፊልጶስ፦ ስልሳ ምን?

ክንዱ፦ ስልሳ ቀለበት።

ፊልጶስ፦ ልጁ ስልሳ ሚስት ሊያገባ ነው?

ክንዱ፦ እኔም ይህንኑ ጠይቄው ነበር። ሳቀ።

ፊልጶስ፦ (ድንገት የገባው መስሎት ጭኑን መትቶ) ተሰርቀናል። ያ ከጎኔ የተቀመጠው ባለ ኮፍያ፣ እኔ ስለ ጨለማ ክፍል ሳስረዳው አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ እጁ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወርቁን ወስዶ ስባሪ ጠርሙስ ተካበት።

ክንዱ፦ ሰውየው ተኝቶ ነበር።

ፊልጶስ፦ እኔ እየተናገርኩ የሚተኛ ሰው የለም።

ክንዱ፦ ሁሉም ተኝተው ነበር።

ፊልጶስ፦ (ስባሪዋን ወደ መንገዱ ዳር ወርውሮ) በቃ። አለቀልን።

ክንዱ ቀስ ብሎ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ አቧራው ላይ ፈለገ፤ ስባሪዋን ባገኛት ጊዜ በጣቱ ሳይነካ በጋቢው ጨርቅ አነሣት፣ እፍ አላትና ባዶውን ጫፍ ቋጠረባት። አሁን ጋቢው በሁለቱም ጫፉ ቋጠሮ ሆነ።

ፊልጶስ፦ ጠርሙስ ትለቅማለህ?

ክንዱ፦ የአደራ ዕቃ ነው።

ፊልጶስ፦ ልጁን ልደውልለት። (ይደውላል) ዝግ ነው። (ይደውላል) ዝግ ነው። ምነው ይዘጋል፣ በዚህ ቀን?

ክንዱ፦ ከመሣሪያው ክፍል ሲገባ ስልክ አይከፍትም። ጠዋት ነግሮናል።

ፊልጶስ፦ እኔን አልነገረኝም።

ክንዱ፦ አንተ ያኔ ስለ ፎቶ ትነግረው ነበር።

ፊልጶስ፦ (እንደገና ደውሎ፣ ስልኩን አይቶ) ኧረ ባትሪውም ሞተ።

ክንዱ፦ ፊልጶስ፣ አንድ ነገር ልበልህ?

ፊልጶስ፦ ጠየቅኩህ?

ክንዱ፦ አልጠየቅኸኝም።

ፊልጶስ፦ እንግዲያ አታስጨንቀኝ። እያሰብኩ ነው።

ፊልጶስ ሲያስብ የግራ እጁን ቀለበት ማዞር ልማዱ ነው። ሊያዞራት ሲል ዓይኑ አረፈባት። ወርቅ ናት፣ አላረጀችም፣ ማንም አይለያትም። ይህችን ቀለበት ሚስቱ አልማዝ ናት በሠርጋቸው ዕለት ያሰረችለት። አልማዝ ገላውን ሲታጠብ እንኳ እንዲያወልቃት አትወድም፤ ደግነቱ ቢፈልግም አይችልም፤ እሱ ሲፋፋ ጣቱም አብሮት ፋፍቷል። ፊልጶስ ሚስቱን ይወዳታል፣ ከመውደዱም በላይ ይፈራታል። ዛሬ ግን የእህቱ ልጅ ትዳር በእሱ ምክንያት ሊፈርስ ነው፤ ይህን ማንም ባይነግረውም ያውቀዋል። ልጁ ሲያለቅስ ከማየት አልማዝ ስትቆጣ መስማት ይሻላል ብሎ ወሰነ። እስከ ማታ ይመልሳታል፤ ማን ያውቅበታል?

ፊልጶስ፦ አያ ክንዱ፣ ያንን የእጅ መታጠቢያ ሳሙና አቀብለኝ።

ክንዱ፦ ልትታጠብ ነው?

ፊልጶስ፦ ላወልቅ ነው። ይህችን እንሰጥና ነገ በደንበኛው እንለውጣታለን።

ክንዱ፦ የአልማዝን?

ፊልጶስ፦ ቀስ በል። ስሟን አትጥራ።

ክንዱ፦ እዚህ ማን ያውቃታል?

ፊልጶስ፦ እሷ ከጎንደር ትሰማለች። ያዝ እዚህ ጋ። ሳብ።

ክንዱ፦ (እየሳበ) ከሥሯ ነው የበቀለችው።

ፊልጶስ፦ ሳብ ነው ያልኩህ፣ ንቀል አላልኩህም።

ክንዱ፦ ቅቤ ይሻላት ነበር። ገበያው እዚህ ነው፣ ልግዛ?

ፊልጶስ፦ ሽማግሌ ቅቤ ተቀብቶ አይገባም። ሙሽራዋ እኔ ነኝ እንዴ? ሳብ።

ክንዱ፦ (እግሩን ከወንበሩ ላይ ተክሎ) በል ተንፍስ።

(ቀለበቷ ወጣች። ፊልጶስ ጮኾ እጁን በብብቱ ሸሸገ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ምን ሆናችሁ ብላ ብቅ አለች፤ ክንዱ ትዳር ነው አላት።)

አያ ሰውአገኝ ደጁ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው። ነጭ ለብሷል፣ ፊቱ ግን ፈገግታ አልለበሰም። ቤት ያፈራው ቀረበ፤ የአካባቢው ሰላምና የከብቱ ደኅንነት ተጠየቀ። እስከዳር ከጓዳው በር ጋር ቆማ መጋረጃውን በጣቷ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ፊልጶስ ጉሮሮውን ጠረገና ከጃኬቱ ኪስ ሳጥኗን አወጣ፤ ሥራው ሳይጠየቅ ቀለበቱን ካስረከበ ጥያቄው ይረሳል ብሎ ነበር።

ፊልጶስ፦ አያ ሰውአገኝ፣ እግዜር ያክብርልን። የልጃችንን ቀለበት ይዘን መጥተናል።

ሰውአገኝ፦ ሥራው ይቅደም።

ፊልጶስ፦ ሥራውማ ከቀለበቱ ጋር የተያያዘ ነው።

ሰውአገኝ፦ በዓይኔ ላየው ነበር ቃላችን።

ፊልጶስ፦ (ላቡን እየጠረገ) ሥራው... በዓይን አይታይም።

ሰውአገኝ፦ በዓይን የማይታይ ሥራ ያለው ሌባ ነው።

ፊልጶስ፦ ረቂቅ ስለሆነ ነው። ይህችን ቀለበት በወግ ይቀበሉን። ፊትዎን ወደ ብርሃኑ ትንሽ ዞር፣ አገጭዎን ቀና...

ሰውአገኝ፦ አገጬ ምን አደረገህ?

ፊልጶስ፦ ይቅርታ። የፎቶ ልማድ ነው።

ሰውአገኝ፦ (ቀለበቷን ተቀብሎ አገላብጦ እያየ) ይህች የበሬ ቀለበት ናት እንዴ? በልጄ አውራ ጣት ላይም ትዞራለች። ውስጧ ጽሑፍ አለ። እስከዳር፣ ነይ፣ ዓይንሽ ደኅና ነው፣ አንብቢልኝ።

እስከዳር መጥታ ቀለበቷን ወደ በሩ ብርሃን አዞረች። አነበበች፤ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቀስ ብላም ለአባቷ «የእኔ አልማዝ» ይላል አለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። ፊልጶስ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው «ዝም በሉ፣ አትንቀሳቀሱ» ብሎ አስቀምጧል፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ግን አግኝቶ አያውቅም።

ሰውአገኝ፦ አልማዝ ማናት?

ፊልጶስ፦ ሰው አይደለችም።

ሰውአገኝ፦ እና ምንድን ናት?

ፊልጶስ፦ ድንጋይ ናት። የከበረ ድንጋይ። የቀለበቷ ዓይነት ነው የተጻፈው፣ የአልማዝ ቀለበት ማለት ነው።

ሰውአገኝ፦ ድንጋዩ የታለ?

ፊልጶስ፦ በዓይን አይታይም።

ሰውአገኝ፦ «የእኔ» የሚለውስ?

ፊልጶስ፦ እሱ አንጥረኛው ነው። የእኔ ሥራ ነው ማለቱ ነው።

ሰውአገኝ፦ (ተነሥቶ) ሥራው አይታይም፣ ድንጋዩ አይታይም፣ ልጁም አይታይም። የሚታየው የሌላ ሴት ስም ብቻ ነው። በሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሩ ግን ይታያል።

እስከዳር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፊልጶስ የሚናገረው ነገር ሲያጣ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ስለዚህ ወደ ክንዱ ዞረ።

ክንዱ፦ (በሹክሹክታ) አንድ ነገር ልበልህ?

ፊልጶስ፦ በል። ስለ እግዚአብሔር በል።

ክንዱ፦ እሺ። አያ ሰውአገኝ፣ ትንሽ ይቀመጡልኝ። (የጋቢውን አንድ ጫፍ ፈትቶ) የልጁ ሥራ ይኸው።

ሰውአገኝ፦ ስባሪ ጠርሙስ።

ክንዱ፦ እኛም እንዲያ መስሎን ጥለናት ነበር። ልጁ ፀሐይ ላይ አሳዩአቸው ነው ያለው።

ክንዱ ወደ በሩ ሄደና ስባሪዋን በጋቢው ጨርቅ እንደያዘ ከሚገባው የፀሐይ ጮራ ላይ ዘረጋት። ሲያዘነብላት ጊዜ ግድግዳው ላይ የማርያም መቀነት ወደቀ፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ከእስከዳር ነጠላ እስከ ምሰሶው ድረስ ተዘረጋ። አያ ሰውአገኝ ወደ ግድግዳው ሄዶ ቀለሙን በመዳፉ ተቀበለው። መዳፉን ገለበጠ፤ ቀለሙ ከእጁ ጀርባም ላይ ነበረ።

ሰውአገኝ፦ ይህን ከሰማይ በቀር አይቼው አላውቅም። ምን ያደርግበታል?

ክንዱ፦ በዚህች ላይ ስልሳ ቀለበት አለ አሉ፣ በዓይን የማይታይ። ብርሃን በቀጭን ቦይ ትመጣና በቀለበቷ ዑደት ታደርጋለች።

ሰውአገኝ፦ እንደ ታቦት?

ክንዱ፦ ፊልጶስ አይደለም ይላል። እኔ ግን እንደዚያ ነው የገባኝ። እያንዳንዷ ቀለበት የራሷን ቀለም ትጠራለች፤ የተጠራችው ትገባለች፣ ሌላዋ ታልፋለች። የሰው ወሬ ሁሉ፣ ስልኩም ምኑም፣ በብርሃን ተጭኖ ነው የሚሄድ አለ። እንዳይደባለቅ የምትለየው ቀለበቷ ናት።

ሰውአገኝ፦ ብርሃኗስ ከየት ነው የምትነሣ?

ክንዱ፦ ከቆዳ።

ሰውአገኝ፦ ከቆዳ?

ክንዱ፦ ሌዘር ብሎኛል። ከጤፍ ያነሰ። እሱ ላይ እኔም አልገባኝም፣ አልዋሽዎትም።

ሰውአገኝ፦ (መጀመሪያ ፈገግ፣ ከዚያ ሳቁ መጥቶበት) ሁለት ጊዜ የገባው ሰው መጣ፣ አንድም አልገባኝ። ዛሬ ያልገባው መጣና ገባኝ። እሺ፣ ሥራውን አይቻለሁ። ግን ይህቺ የአልማዝ ነገር?

ክንዱ፦ የእስከዳር ቀለበት እሷ አይደለችም። (ሁለተኛውን የጋቢ ጫፍ ፈትቶ ቀጭን የወርቅ ቀለበት እያወጣ) የእስከዳር ይህች ናት። ስሟም አለበት።

አያ ሰውአገኝ ቀለበቷን ተቀብሎ ለልጁ አሰረላት። ልክ ሆነች። እስከዳር በአንድ ዓይኗ እያለቀሰች በሌላው እየሳቀች የሁለቱንም ሽማግሌዎች ጉልበት ሳመች፤ ጓዳ ውስጥ ሲጠብቁ የቆዩት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ፊልጶስ ደስታውና ንዴቱ ተደባልቀውበት ክንዱን በጋቢው ጎተተው።

ፊልጶስ፦ ወርቁ አንተ ጋ ነበር?

ክንዱ፦ ልጁ ከሰጠኝ ከጠዋት ጀምሮ።

ፊልጶስ፦ ምነው ሳትነግረኝ?

ክንዱ፦ ካልጠየቅኩህ አትናገር አልከኝ።

ፊልጶስ፦ ቀለበቱ የታለ ብዬ ጠይቄህ ነበር።

ክንዱ፦ የትኛው ነበር አላልክም። እኔ ስልሳ አንድ ቀለበት ይዘን እንደመጣን ነው የማውቅ።

ፊልጶስ፦ ጣቴን ስትነቅለውስ?

ክንዱ፦ ሳብ አልከኝ፣ ሳብኩ። ነገርን ታውቃለህ ብዬ ነው እንጂ፣ እኔማ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ክንዱ ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረበትም። አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ የወገራ ሰው ዛሬም ይከራከርበታል። ፊልጶስ የራሱን ቀለበት ተቀብሎ ወደ ማዕዘን ሄደና ጣቱ ላይ ሊመልሳት ታገለ። ጣቱ ግን ከጉተታው ብዛት አብጦ ዳቦ አክሏል፤ ቀለበቷ ከጥፍሩ በታች ፈቀቅ አትልም። እሱ ምራቁን እየቀባ ሲታገል የክንዱ ስልክ ጮኸ።

ክንዱ፦ ሃሎ? አቤት፣ አለን፣ ደርሰናል። አንቺስ ደኅና ነሽ?

ፊልጶስ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ማን ናት?

ክንዱ፦ አልማዝ ናት። (ወደ ስልኩ) የእሱ ባትሪ ሞቶበት ነው። ሸጋ ነው፣ ሁሉም ሸጋ ነው። ቀለበቱም ታሰረ።

ፊልጶስ፦ በቃ በላት። ቻው በላት።

ክንዱ፦ አይ፣ መጀመሪያ የተሰጠውስ የሱ ነበር... የሱ፣ የጣቱ... ለልጅቱ ነዋ... በሳሙና ነው ያወለቅነው። እኔ ቅቤ ብዬው ነበር።

ፊልጶስ፦ አያ ክንዱ፣ ዝም በል።

ክንዱ፦ (እጁን እንደ ፖሊስ ዘርግቶ እያስቆመው) ኧረ ጠይቃኛለች፣ ስጠየቅማ እናገራለሁ። (ወደ ስልኩ) አዎ፣ ስምሽን አንብበውት ነበር። አልማዝ ማናት ብለው ጠየቁት... እሱማ መለሰ። ሰው አይደለችም፣ ድንጋይ ናት አላቸው... አዎ፣ ድንጋይ... እሺ፣ አጠገቤ ነው።

(ክንዱ ስልኩን በሁለት እጁ፣ በአክብሮት ወደ ፊልጶስ ዘረጋ።)

ክንዱ፦ እንካ። ድንጋይዋ ልታናግርህ ነው።